የልደታ ንፍሮና የአሮጌ ጣሳ ምድጃ



ግንቦት 1 ቀን ንፍሮው ከደጅ ተቀቅሎ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ የሚቀምሰው፣ ቅድስት ሐና እመቤታችንን በሊባኖስ ተራራ፣ ከቤት ውጭ መውለዷን ለማሰብ ነው። ስሙን ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ባገኘው በልደታ ሰፈር ግን ደጁ ራሱ ተለውጧል። ከ2002 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ አሮጌዎቹ ቤቶች ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ሲቆም፣ ጉልቻ ይጎለትበት የነበረው ግቢም አብሮ ሄዷል። እንጨቱን በንጣፍ ላይ ማንደድ አያመችም፤ ከሰሉን ወደ ቤት ማስገባት ደግሞ፣ መርዘኛው አየር የማይታይና የማይሸት በመሆኑ፣ በዓልን ወደ ሐዘን ይለውጣል።

ለዚህ መላው ከመርካቶ ምናለሽ ተራ አይርቅም። በዚያ ያሉ ቀጥቃጮች አሮጌ በርሜልን ቆርጠው ምድጃ ያደርጉታል። በቤት ለሚሞክረውም ሥራው ቀላል ነው፦ ሰፊ ጣሳ ወገቡ ተበስቶ ወፍራም ሽቦ ይተላለፍበታል፤ ከሥሩ የነፋስ መግቢያ ይቀደድለታል፤ ውስጡ በጭቃ ከተለሰነ ሙቀቱን ይይዛል። የቀለም ወይም የኬሚካል ጣሳ ግን ፈጽሞ አይነካ። ምድጃውም ከደጅ ይቀመጥ፤ የበዓሉም ሥርዓት ይኸው ነውና።

ለቡናው ጤና አዳም የሚሻ ቤተሰብ ባዶ የዘይት ጀሪካን ይበቃዋል። አጋማሹን ቆርጦ፣ ታቹን በስቶ፣ ጠጠርና አፈር ሞልቶ በረንዳ ላይ ማኖር ነው። ዘር መፈለግም አያሻም፤ ከንፍሮው ታዳሚዎች አንዷ ቅርንጫፍ ይዘው ቢመጡ፣ ክረምቱ ሳይገባ ሥር ይሰዳል።