ጃንሆይ በጄኔቫና በወሎ

የአንድ አገር መሪ ምን ያህል ይከበራል የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ ማለቂያ የማያገኘው፣ ተከራካሪዎቹ አንዱን ሰው ከተለያየ ቦታ ስለሚያዩት ነው። የውጭው ሰው መሪውን የሚያውቀው በንግግሩ፣ በጉብኝቱና በፎቶግራፉ ነው። ዜጋው ግን የሚያውቀው በግብር ሰብሳቢው፣ በዳኛውና በአገረ ገዥው በኩል ነው። በአፍሪካ ታሪክ ይህን ልዩነት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ያህል አጉልቶ የሚያሳይ መሪ ማግኘት ያስቸግራል። በውጭ አገር አደባባይና መንገድ የተሰየመላቸው ንጉሠ ነገሥት በገዛ ከተማቸው «ሌባ» እየተባሉ በቮልስዋገን መኪና ተወስደዋል። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያፈርሰውም።

የውጭ ዝናቸው በአጋጣሚ የመጣ አልነበረም። ኃይለ ሥላሴ ገና ተፈሪ መኰንን ተብለው አልጋ ወራሽ ሳሉ በመስከረም 1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል አስደረጉ፤ በዚያው ዓመትም መሳፍንቱንና መኳንንቱን አስከትለው አውሮፓን ዞሩ። የጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የንግሥ በዓልም የተሰናዳው ለአገሬው ብቻ ሳይሆን ለውጭ እንግዳም እንዲታይ ሆኖ ነው። የእንግሊዝ ንጉሥ ልጅ፣ የፈረንሳይ ማርሻልና የበርካታ አገር መልእክተኞች ከጋዜጠኞችና ከፊልም አንሺዎች ጋር ታደሙበት። በፈረስ ስማቸው አባ ጠቅል የሚባሉት ንጉሥ ከአፍሪካ በነፃነት የቆየች አገር የምትጠበቀው በጦር ብቻ እንዳልሆነ፣ በአውሮፓውያን ዘንድ በመታወቅም እንደሆነ ቀድመው ገብቷቸዋል።

ዝናው ጫፍ የደረሰው ግን በሽንፈት ቀን ነው። ጣሊያን አገራቸውን ከወረረች በኋላ፣ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ በማኅበሩ ጉባኤ ፊት ቆመው በአማርኛ ሲናገሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያውኳቸው ሞከሩ። እሳቸው ጸጥታው እስኪመለስ ጠብቀው የመርዝ ጋዙን፣ የተጣሰውን ቃል ኪዳንና የትናንሽ አገሮችን ዕጣ በረጋ ድምፅ ዘረዘሩ። በዚያው ዓመት የአሜሪካው ታይም መጽሔት የዓመቱ ሰው ብሎ መርጧቸው ነበር። ሆኖም ማኅበሩ በጣሊያን ላይ የጣለውን ማዕቀብ ለማንሣት ከንግግሩ በኋላ ሳምንታት እንኳ አልፈጀበትም፤ ብሪታንያም በ1931 ዓ.ም. የጣሊያንን ወረራ ሕጋዊ አድርጋ ተቀበለች። ሞሶሎኒ ፊቱን ወደ ብሪታንያ አዙሮ ጦርነት ባያውጅ ኖሮ ባዝ ከተማ ያለው የስደት ቤታቸው ማረፊያቸው ሆኖ በቀረ ነበር። ጭብጨባ ጠብመንጃ አይሆንም።

ከነፃነት በኋላ የውጭው አክብሮት የሚቆጠር ፍሬ አፈራ። ኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ ከ6 ሺህ በላይ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮችን በየተራ ላከች፤ አሜሪካም አስመራ ላይ የቃኘው ጣቢያን ለመገናኛና ለስለላ ሥራ ስታገኝ ለጦር ሠራዊቱ መሣሪያና ሥልጠና ሰጠች። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ተመሠረተ። በዚያን ወቅት በካዛብላንካና በሞንሮቪያ ጎራ ተከፍለው የነበሩትን መሪዎች አንድ ሰነድ ላይ ማስፈረም ቀላል ሥራ አልነበረም። አልጄሪያና ሞሮኮ በድንበር ሲዋጉ ባማኮ ላይ ለማስማማት ተቀመጡ፤ የሱዳን የሰሜንና የደቡብ ጦርነትም በ1964 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስምምነት ለአሥር ዓመት ያህል ረገበ። በኬኔዲ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ከደጎል አጠገብ ሲራመዱ የታየው ፎቶግራፍ የዚያን ዘመን ክብር በአንድ እይታ ይናገራል።

ወደ ቤት ሲመጣ መጀመሪያ የሚያጋጥመው ችግር መለኪያው ነው። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ ሰውነት የተቀደሰ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸው የማያከራክር መሆኑን ደንግጎ ነበር። ሕዝቡም ከሕገ መንግሥቱ በፊት «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ይል ነበር። ጋዜጣው በመንግሥት እጅ፣ የፖለቲካ ፓርቲ የተከለከለ በሆነበት አገር በመንገድ ዳር ተደፍቶ እጅ የሚነሣውን ሕዝብ አይቶ አክብሮቱን መመዘን አይቻልም። ከፍቅር የሚነሣ ነበር፤ ከልማድም፣ ከፍርሃትም፣ ከተስፋም የሚነሣ ነበር። የንጉሡ መኪና ሲያልፍ አቤቱታውን ይዞ የሚሮጠው ሰው ሹማምንቱን ረግሞ ጃንሆይን ያምን ነበርና አንድ አክብሮት ውስጥ ሁለት ፍርድ ይገኛል።

ስለዚህ የተሻለው ምስክር እምቢታው ነው። የመጀመሪያው ቅሬታ ከአርበኞች ወገን መጣ። በጫካ አምስት ዓመት የተዋጉት፣ ንጉሡ ከስደት ሲመለሱ ለጣሊያን ያደሩ ሰዎች ሹመት ማግኘታቸውን አይተው ከፋቸው። በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. ተሰቀለ፤ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ተደጋግመው ታሰሩ። ትግራይ በ1935 ዓ.ም. ተነሣ። ባሌ ለዓመታት ተዋጋ። የኤርትራ ፌዴሬሽን በ1955 ዓ.ም. ሲፈርስ ቀድሞ የተጀመረው ጦርነት ተባባሰ። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ በእርሻ ገቢ ላይ አዲስ ግብር ሲታወጅ ጎጃም «መንግሥት መሬቴን በቃላድ፣ በመለኪያ ገመድ፣ ለክቶ ርስቴን ሊወስድብኝ ነው» ብሎ አመፀ፤ ጦር ተላከ፣ አውሮፕላንም ዘመተ፤ በመጨረሻ ግን መንግሥት ውዝፍ ግብሩን ምሮ አገረ ገዥውን አነሣ። አንድ መንግሥት ገበሬውን ፈርቶ ሲመለስ የሥልጣኑ ልክ ይታያል።

በ1953 ዓ.ም. ታኅሣሥ የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ከሁሉም የሚለየው ከቤተ መንግሥቱ ውስጥ በመነሣቱ ነው። ንጉሡ ብራዚልን እየጎበኙ ሳለ የክቡር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ሥልጣን ያዙ፤ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም በሰልፍ ደገፏቸው። ሙከራው በቀናት ቢከሽፍም የተማረው ወጣት ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ ፓርላማው ደጅ ወጣ። በደቡብ ያለው ጭሰኛ ከምርቱ እስከ እኩሌታ ለባለመሬቱ እየከፈለ፣ የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነትን የሚያሻሽለው ሕግ ደግሞ ባለመሬቶች በተቀመጡበት ፓርላማ ተቀብሮ ቀርቶ ነበር። ከውጭ ሲታይ ዘመናዊ ንጉሥ የነበሩት ሰው ለዚህ ትውልድ የአሮጌው ሥርዓት ቁልፍ ሆነው ታዩት።

የወሎ ረሃብ ሁለቱን ገጽታዎች አጋጨ። በ1965 ዓ.ም. የተራበው ሕዝብ ወደ ደሴ አዲስ አበባ መንገድ ሲፈስ መንግሥት ነገሩን ዝቅ አድርጎ ያዘው፤ በአዲስ አበባ የነበሩ የውጭ ርዳታ ድርጅቶችም አስተናጋጃቸውን ላለማስቀየም ዝም ማለታቸው በኋላ አስወቅሷቸዋል። በውጭ የተገነባው መልካም ስም እዚህ ላይ የገዛ አገሩን ሰው ጎዳ ቢባል ማጋነን አይሆንም። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በለንደን ታየ። የወታደሮቹ ኮሚቴ ደርግ ይህንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ጋር አቀላቅሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ከውጭ የመጣ ምስል ያነገሣቸውን ያህል ከውጭ የመጣ ምስል አወረዳቸው። የሚደነቀው ግን ሊታደጋቸው የወጣ ሰልፍ አለመኖሩ ነው።

እስካሁን «ውጭ» እና «ቤት» እንደ አንድ አንድ ሰው ተቆጠሩ እንጂ ሁለቱም ብዙ ናቸው። ሶማሊያ በኃይለ ሥላሴ ያየችው የአፍሪካ አባትን ሳይሆን ኦጋዴንን የያዘ ጎረቤትን ነው። ጃማይካ ላይ ግን ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲያርፉ አውሮፕላኑን ከብቦ የጠበቃቸው የራስተፈሪያን ሕዝብ ያያቸው እንደ አምላክ ነበር። በተባበሩት መንግሥታት ስለ ዘር እኩልነት ያደረጉት ንግግር በቦብ ማርሊ ዘፈን ገብቶ ንግግሩን ሰምተው ለማያውቁ ሚሊዮኖች ደረሰ። የሁለቱ ዓለም መገናኛ ደግሞ ሻሸመኔ ሆነች። ንጉሡ በወረራው ዘመን ለኢትዮጵያ ለተቆረቆሩ ጥቁር ሕዝቦች ከሰጡት መሬት ላይ የካሪቢያን ሰዎች ሰፈሩ፤ አጠገባቸው ያለው ገበሬ ግን የሚያስታውሰው ባላባቱን ነው። የደርግ የመሬት አዋጅ በ1967 ዓ.ም. ሲወጣ ከሰፋሪዎቹም መሬት አብዛኛው ተወሰደ።

ከሞቱ በኋላም ክርክሩ አልበረደም። ደርግ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. በሕመም ሞቱ ብሎ አወጀ፤ በኋላ በተካሄደው የደርግ ባለሥልጣናት የፍርድ ሂደት ግን መገደላቸው ቀርቧል። አስከሬናቸው በ1984 ዓ.ም. በቤተ መንግሥት ግቢ ከወለል ሥር ተገኝቶ በጥቅምት 1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲቀበር መንግሥት ብሔራዊ የቀብር ሥነ ሥርዓት አላደረገላቸውም፤ ከለቀስተኞቹ መካከል የቦብ ማርሊ ባለቤት ሪታ ነበረች። በአፍሪካ ኅብረት አዲስ ሕንፃ በር ላይ በ2004 ዓ.ም. የጋናው የንክሩማ ሐውልት ብቻ ሲቆም የተቆጡ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ የንጉሡ የቆመው ከሰባት ዓመት በኋላ በየካቲት 2011 ዓ.ም. ነው። በቀጣዩ ዓመት ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የኦሮሞው ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት፣ ለንደን ውስጥ በዊምብልደን በሚገኝ መናፈሻ የነበረው የንጉሡ የራስና የደረት ሐውልት በተቃዋሚዎች ተሰባበረ፤ ሐረር ላይም የአባታቸው የራስ መኰንን ሐውልት ወደቀ። ቀኑ የጄኔቫው ንግግር 84ኛ ዓመት ነበር። ሐውልቱን ያፈረሱት ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች፣ ያፈረሱበት ቦታ ደግሞ ስደተኛውን ንጉሥ ያስጠለለችው አገር በመሆኑ፣ «በውጭ ይከበራሉ፣ በቤት አይከበሩም» የሚለው የቆየ አከፋፈል ራሱ ዛሬ አይሠራም፤ ቤቱ ከሰዎቹ ጋር ተሰዶ ለንደን ደርሷል።