ከስሮ የነበረው የወይን ርስት ዛሬ በቅምሻ ይነግዳል
በኬፕ ታውን አጠገብ ያለው ግሮት ኮንስታንሺያ ለጎብኚ ምን ይሸጣል?

በመርካቶ ቅቤ ተራ ገዢ ሳይቀምስ ገንዘቡን አያወጣም። ከቅቤው ቆንጥሮ በመዳፉ ላይ ያሻል፣ ያሸታል፣ ከዚያ ዋጋ ይጠይቃል። ማር ገዢም እንዲሁ በጣቱ ጠንቁሎ ይልሳል። የወይን ጠጅ ግን በቡሽ ተወትፎና ታሽጎ ለገበያ ስለሚቀርብ፣ ገዢው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት በቀር የሚተማመንበት ነገር የለውም። በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን ዳርቻ የሚገኘው ግሮት ኮንስታንሺያ የተባለ ጥንታዊ የወይን ርስት ለዚህ ችግር መላ አበጅቶለታል። ጎብኚውን አስከፍሎ ያቀምሳል፤ አቅምሶም ይሸጥለታል።

ርስቱ ከመሐል ከተማ በመኪና የግማሽ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሆንም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ኬፕ ታውን ስለሚበር፣ ለስብሰባም ሆነ ለእረፍት ወደዚያ ብቅ የሚል ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ግማሽ ቀን ካለው ሊያየው የሚችል ቦታ ነው። እዚያ ሲደርስ የሚጠብቀው ግን መጠጥ ብቻ አይደለም። አንድ የዓለም ገበያ ያከበረው ንግድ እንዴት እንደወደቀና በምን እንደተነሣ የሚያሳይ ታሪክም አለ።

በኬፕ ምድር የመጀመሪያው የወይን ጠጅ የተጨመቀው እ.ኤ.አ. በ1659 ነው። ከ26 ዓመት በኋላ፣ በ1685፣ የኔዘርላንድስ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የኬፕ አዛዥ የነበረው ሲሞን ቫን ደር ስቴል በተራራው ግርጌ ሰፊ መሬት ተሰጠውና ወይን ተከለ፤ ርስቱንም ኮንስታንሺያ አለው። ባለርስቱ በ1712 ሲሞት መሬቱ ተከፋፈለ። ዋናው ክፍል ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ በ1778 ሄንድሪክ ክሉተ ገዛው። ዛሬ ጎብኚ ቆሞ የሚያደንቀውን፣ ግንባሩ በቅርጻ ቅርጽ ያጌጠውን የ1791 የጠጅ ጓዳ ያሠራውም ይኸው ሰው ነው።

የኮንስታንሺያ ዝና የመጣው ከጣፋጭ ወይን ጠጁ ነው። የእኛ ጠጅ ጣዕሙን የሚያገኘው ከማር ሲሆን፣ የኮንስታንሺያው ግን ፍሬው ግንዱ ላይ እንዳለ እስኪጨማደድና ስኳሩ እስኪጠነክር ድረስ ሳይለቀም ይቆያል። ጭማቂው ጥቂት፣ ድካሙ ብዙ ስለሆነ ዋጋው ውድ ነበር። የአውሮፓ ነገሥታትና መኳንንት ያስመጡት ነበር። ናፖሊዮን በቅድስት ሄለና ደሴት ተግዞ ሳለ ከሚጠጣቸው አንዱ እሱ ነበር። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ጄን ኦስተንም በ1811 በወጣ ልቦለዷ ስሙን ጠቅሳዋለች።

የዚህ ሁሉ ክብር ወጪ በማን ጫንቃ ላይ እንደነበረ መዘንጋት አይገባም። ወይኑን የተከሉት፣ የለቀሙትና የጨመቁት ከማዳጋስካር፣ ከሞዛምቢክ፣ ከሕንድና ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች ተግዘው የመጡ ባሪያዎች ነበሩ። ባርነቱ በኬፕ ጨርሶ የቀረው በ1838 ነው። ከዚያም በኋላ በአካባቢው እርሻዎች “ዶፕ” በሚባል ልማድ የሠራተኛው ደመወዝ በከፊል በወይን ጠጅ ይከፈል ነበር። ልማዱ በሕግ ከታገደ ወዲህም በአንዳንድ እርሻዎች እስከ 1990ዎቹ ድረስ ዘልቋል። ግሮት ኮንስታንሺያ ውስጥ ያለው ሙዚየም የባሪያዎቹንም ታሪክ ያሳያል። ወደ ቅምሻው ከመሄድ በፊት እሱን ማየት ይበጃል።

ወደ ንግዱ ስንመለስ፣ የኮንስታንሺያና የመላው ኬፕ የወይን ጠጅ ገበያ የተንጠለጠለው በአንድ ገዢ ላይ ነበር፤ በእንግሊዝ። እንግሊዝ ኬፕን ከያዘች በኋላ የቅኝ ግዛቷን ጠጅ ከፈረንሳዩ ባነሰ ቀረጥ ታስገባ ነበር። በ1860 ግን ከፈረንሳይ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመች፤ በ1861 ለኬፕ ይደረግ የነበረው አስተያየት ቀረ። ጠጁ ያው ጠጅ ነው፤ የተለወጠው ሎንዶን ላይ ያለው የቀረጥ ሠንጠረዥ ነው። በዚያው ሰሞን አመድ የሚመስል የቅጠል በሽታ እርሻውን አጠቃው። የክሉተ ቤተሰብ ከሰረ። በ1885 መንግሥት ርስቱን ገዝቶ የሙከራ እርሻ አደረገው። በዓመቱ ደግሞ ፊሎክሴራ የተባለችው ሥር አድራቂ ተባይ ኬፕ ገባች። ዝነኛው ጣፋጭ ጠጅም ከገበያ ጠፋ። በ1925 ዋናው መኖሪያ ቤት ተቃጥሎ እንደገና ታነጸ።

ገበያው ለሁለተኛ ጊዜ የተዘጋው በአፓርታይድ ዘመን ነው። በብዙ አገር የደቡብ አፍሪካ ወይን ጠጅ በማዕቀብና በተጠቃሚዎች እምቢታ ከመደርደሪያ ወርዶ ነበር። በሩ የተከፈተው ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ፣ በተለይም ከ1994ቱ ምርጫ በኋላ ነው። ግሮት ኮንስታንሺያ በ1993 ለትርፍ ላልተቋቋመ የአደራ ድርጅት ተላለፈ። ጣፋጩን ጠጅ በመጀመሪያ የመለሰው ግን ከዋናው ርስት ተቆርሶ የወጣው ጎረቤቱ ክላይን ኮንስታንሺያ ነው፤ በ1986 ምርት። ግሮት ኮንስታንሺያ የራሱን “ግራንድ ኮንስታንስ” ብሎ ከ2003 ጀምሮ መጥመቅ ያዘ።

ታዲያ የቅምሻው ክፍል ለሻጩ ምን ይጠቅመዋል? ሒሳቡ ግልጽ ነው። ወደ ውጭ የሚላክ አንድ ጠርሙስ አስመጪው፣ ጅምላ ነጋዴው፣ ቸርቻሪውና ጉምሩኩ ሁሉ ድርሻቸውን ይነሡበታል። በጓዳው ደጃፍ ለጎብኚ የሚሸጥ ጠርሙስ ግን የደላላና የመርከብ ወጪ የለበትም፤ ትርፉ እዚያው ይቀራል። ከዚህም በላይ ደንበኛው ከየአገሩ በራሱ ወጪ ይመጣል። አንዱ ቢቀር ሌላው አለ። የአንድ አገር ቀረጥ ቢለወጥ እንደ 1861ዱ ቤቱን አይዘጋም። የክሉተ ቤተሰብ ያላገኘው ዋስትና ይኸው ነው።

ገዢውስ? የቅምሻው ሥርዓት ቀላል ነው። በትንሽ በትንሹ የሚቀዱ ጥቂት ዓይነቶች ይቀርባሉ፤ ነጩ ይቀድማል፣ ቀዩ ይከተላል፣ ጣፋጩ መጨረሻ ነው። ጣፋጩን ያስቀደመ ሰው የቀሩት ሁሉ ይመሩታል። ብርጭቆው የሚያዘው በእግሩ ነው፤ የእጅ ሙቀት ጠጁን እንዳያሞቀው። ከመጎንጨት በፊት ማሽተት፣ ከተጎነጩም በኋላ በተዘጋጀው ዕቃ መትፋት ነውር አይደለም፤ የሙያው ሰዎች ሁሉ የሚያደርጉት ነው። አስተናጋጁን “ይሄ ስንት ዓመት ይቆያል? ከምን ምግብ ጋር ይሄዳል?” ብሎ መጠየቅም ከክፍያው ጋር የተገኘ መብት ነው። መኪና የሚነዳ ሰው ካለ አይቅመስ፤ በዚያ አገር መንገዱ በግራ በኩል መሆኑም አይረሳ። ከከተማ የሚነሣ የጎብኚዎች አውቶቡስ ስላለ ሹፌርነቱን ለሌላ መተው ይቻላል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ኪስ ላይ ነው። በሦስተኛው ብርጭቆ ላይ ሁሉም ጠጅ ይጥማል፤ የተራራው እይታም ይጨመርበታል። ስለዚህ የወደዱትን ስም ጽፎ መያዝና ከተማ ገብቶ የሱቁን ዋጋ ማነጻጸር ብልህነት ነው፤ ሁሉም ጠርሙስ በጓዳው ደጃፍ ይረክሳል ማለት አይደለም። አንዳንድ መጥመቂያዎች ጠርሙስ ለገዛ ሰው የቅምሻውን ክፍያ ከሒሳቡ ስለሚቀንሱ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ጣፋጩ ጠጅ የሚሸጠው በትንሽ ጠርሙስ ነው፤ ዋጋ ሲያነጻጽሩ መጠኑንም ማየት ነው።

ለጉዞውም ጠርሙሱ በእጅ ሻንጣ ከሆነ ፍተሻው ላይ ይቀራል። በልብስ ተጠቅልሎ በሚጫነው ሻንጣ መሐል ይቀመጥ። ከመግዛት በፊት ደግሞ የአገር ቤት ጉምሩክ ያለ ቀረጥ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ ማጣራት ያስፈልጋል። ኮንስታንሺያን አንድ ጊዜ የጣለው ቀረጥ፣ ባለ አንድ ጠርሙሱንም መንገደኛ ቦሌ ላይ ይጠብቀዋልና።