ናይትራይት በማቀዝቀዣ ፈሳሽ ውስጥ ከየት ይመጣል?

የብረት መቁረጫ ማቀዝቀዣ ቶርኖ፣ ፍሬዛ ወይም መሰርሰሪያ ብረት ሲበላ ሙቀቱን የሚወስድ፣ ሰበቃውን የሚያለሰልስና ፍቅፋቂውን ጠርጎ የሚያወጣ ፈሳሽ ነው። ብዙ ጊዜ ዘይትና ውሃ ተዋሕደው ወተት መስለው ይታያሉ። በየወርክሾፑ «ኩላንት» ይባላል፤ የመኪና ራዲያተር ፈሳሽም በዚሁ ስም ስለሚጠራ ሁለቱ ይምታታሉ፤ ይዘታቸው ግን የተለያየ ነው።

«ኩላንት ካንሰር ያመጣል» የሚለው ወሬ በጅምላ ሲነገር ስህተት ነው። ሠራተኛውን ያስደነግጣል እንጂ ምን መጠንቀቅ እንዳለበት አይነግረውም። አደጋው ተለይቶ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በአንዳንድ መቁረጫ ፈሳሾች ውስጥ ናይትሮሳሚን ከሚባሉት ውህዶች አንዱ የሆነው ናይትሮሶዳይኤታኖላሚን በመቶኛ በሚቆጠር መጠን መገኘቱን አሳየ። ውህዱ በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል ተብለው ከተመደቡት አንዱ ነው።

ይህ ውህድ ሁለት ወላጆች አሉት። አንዱ ዳይኤታኖላሚንን የመሰለ ሁለተኛ ደረጃ አሚን ሲሆን ሌላው ናይትራይት ነው። ሁለቱም ዝገት እንዲከላከሉ ሆን ተብሎ ይጨመሩ ነበር። መፍትሔው ናይትራይትን መተው ይመስላል፤ ናይትራይት ግን ባይጨመርም ራሱ ይመጣል። የቧንቧ ውሃ ናይትሬት ይዞ ይገባል። ድስት ሲንተከተክ ውሃው ተንኖ ጨው እንደሚቀር፣ ፈሳሹ ከሚጠራቀምበት የማሽኑ ጋንም ውሃው እየተነነ ናይትሬቱ ይከማቻል፤ በጎደለ ቁጥር የሚሞላው የቧንቧ ውሃ ደግሞ ሌላ ናይትሬት ያክልበታል። ማሽኑ ቅዳሜና እሑድ ሲቆም ፈሳሹ አየር ያጣል፤ ያኔ ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ጋኑ ሳይታጠብ አዲስ ፈሳሽ ቢሞላበትም ለውጥ የለም፤ ቡሃቃ ውስጥ የቀረ እርሾ አዲሱን ሊጥ እንደሚያቦካው፣ ከጥጋጥጉ የቀረው ባክቴሪያ አዲሱን ፈሳሽ ይወርሰዋል።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ፎርማልዴሃይድ ነው። የሁለቱ ወላጆች ውህደት የሚፈጥነው በአሲድ ውስጥ ሲሆን ማቀዝቀዣው ግን ፒኤች 9 አካባቢ ስለሆነ ሊዘገይ ይገባው ነበር። ፎርማልዴሃይድ የሚለቁ ፀረ ተሕዋስያን ባክቴሪያውን ይገድላሉ፤ ፎርማልዴሃይዱ ግን በዚያው ፒኤች ውህደቱን ሊያፋጥነው እንደሚችል በቤተ ሙከራ ታይቷል። ይህ ግን በእያንዳንዱ ጋን ውስጥ በዚያው ልክ ይሆናል ማለት አይደለም፤ እንደ ሙቀቱ፣ እንደ ፈሳሹ ዕድሜና እንደ ቅመሙ ይለያያል።

ስለዚህ መቅረት ያለበት ሁለተኛ ደረጃው አሚን ነው። በምትኩ የሚገባው የመጀመሪያ ደረጃ አሚን ከናይትራይት ጋር ሲገናኝ በአብዛኛው ናይትሮጅኑ ጋዝ ሆኖ ይበናል፤ የሚጸና ናይትሮሳሚን አይተውም። ሆኖም በርሜሉ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቀው አምራቹ ነው፤ አንድ ወርክሾፕ ብቻውን ጠይቆ አያስነግረውም። በጀርመን የኢንዱስትሪ ቅባት ተጠቃሚዎች ስብስብ የሆነው ፋውካኢኤስ ከቅባት አምራቾች ማኅበርና ከብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ኢጌ ሜታል ጋር ተስማምቶ አንድ የንጥረ ነገር ዝርዝር አወጣ። በማቀዝቀዣ ውስጥ መኖር የሌለበትና አምራቹ ማሳወቅ ያለበት ንጥረ ነገር በዚያ ተለይቷል። ገዥዎች በአንድ ድምፅ ስለጠየቁ አምራቹ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ሆነ፤ ትንሹ ወርክሾፕም የትልቁን ያህል መልስ ያገኛል። ከሁሉም እርምጃ ትልቁ ይህ ነው።

ቀሪው የዕለት ሥራ ነው። በጀርመን የሥራ ቦታ ደንብ መሠረት የመቀላቀያው ውሃ ናይትሬት በሊትር ከ50 ሚሊግራም አይበልጥም፤ ናይትራይት በየሳምንቱ በመሞከሪያ ወረቀት ይለካል። በሊትር ከ20 ሚሊግራም ካለፈ ፈሳሹ በከፊል ወይም በሙሉ ይለወጣል፤ አለዚያም ውህደቱን የሚገታ ቅመም ይጨመርበታል።