ተሳቢ መጎተቻ የተገጠመለትን ያገለገለ አውቶሞቢል ስለ መግዛት

የገበሬዎች ማኅበር ገንዘቡን አጠራቅሞ አውቶሞቢል ለመግዛት ባሰበ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ምክር የሚጠይቀው የወረዳውን የእርሻ ኀላፊ ነው። ኀላፊውም ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ በቂ ዕውቀት ቢኖረው፥ ስለ መኪና ግን ብዙ ጊዜ ከጠያቂዎቹ የሚበልጥ ነገር አያውቅም። ስለዚህ ከኋላው ሰፊ የዕቃ ቦታ ስላለው፥ ስቴሽን ዋገን ስለሚባለው፥ ተሳቢም የሚጎትትበት ብረት ስለ ተገጠመለት ያገለገለ አውቶሞቢል ገዢው ሊያውቀው የሚገባውን ከዚህ ቀጥለን እንገልጻለን።

እንዲህ ያለውን አውቶሞቢል መፈለግ ከምን የተነሣ ነው ቢባል፥ ከአገሩ አቀማመጥ የተነሣ ነው ብለን እንመልሳለን። ለምሳሌ ምዕራብ ጎጃምን እንመልከት። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና ጐዳና ላይ የተቀመጡ ናቸው። የደጋ ዳሞት ወረዳ ከተማ ፈረስ ቤት ግን ከዚህ ጐዳና ወጣ ብሎ በደጋው ላይ ይገኛል። ደገኛው ድንቹንና ገብሱን፥ ወይና ደገኛው በቆሎውንና በርበሬውን ለገበያ ማድረስ አለበት። ጭነቱ ሃያና ሠላሳ ኩንታል የሆነ እንደ ሆነ የጭነት መኪና መከራየት ይገባል፤ ለአራት ኩንታል የዘር ድንች ግን የጭነት መኪና ኪራይ ትርፉን ይበላዋል። ስለዚህ ሰውንም ዕቃንም በአንድነት የሚይዝ፥ ሲያሻ ትንሽ ተሳቢ የሚጎትት፥ ሳያሻም ተሳቢውን ፈትቶ በሽተኛ ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርስ አውቶሞቢል ለማኅበር ይመቻል።

አዲስ አውቶሞቢል መግዛት ለገበሬዎች ማኅበር የሚሞከር አይደለም። ያገለገሉትም ቢሆኑ ከውጭ አገር እንደ ቀድሞው አይገቡም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ዕድሜያቸው በገፋ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ከዚህ የተነሣ በገበያ የሚቀርበው ያገለገለ አውቶሞቢል አብዛኛው በዚሁ በአገራችን ዳገትና ቍልቍለት ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። እንግዲህ የገዢው ትልቁ ሥራ የአውቶሞቢሉን የኋላ ታሪክ መመርመር ነው።

በዚህ ነገር የጎጃም ገበሬ መምህር አያሻውም። በቅሎ ሊገዛ ገበያ የወጣ ሰው ጥርሷን አይቶ ዕድሜዋን ይገምታል፤ ቀጥሎም ኮርቻውን አስወርዶ ጀርባዋን ይዳብሳል። ገጣባ የሆነች እንደ ሆነ የተሸከመችውን ጭነት ቍስሏ ይናገራል። ከአውቶሞቢሉ ኋላ የተገጠመው የመጎተቻ ብረትም እንደዚሁ ነው። ሻጩ እንደ ምርቃት አድርጎ ያሳየዋል፤ ዐዋቂ ገዢ ግን እንደ ምስክር ይመረምረዋል። ብረቱ አውቶሞቢሉ መጎተት እንዲችል ብቻ ሳይሆን፥ ሲጎትት የኖረም ሊሆን እንደሚችል ይመሰክራልና።

ይህን የምንጽፈው ከወሬ አይደለም። ከፈረስ ቤት አጠገብ ያሉ የድንች ገበሬዎች ሦስት ሽማግሌዎች መርጠው፥ ከየቤቱ የተዋጣውን ገንዘብ አስይዘው ወደ አዲስ አበባ በላኩ ጊዜ፥ እኔም በአገር ልጅነት አብሬያቸው ሄጄ ነበር። አንድ ነጋዴ ቀለሙ የሚያበራ ስቴሽን ዋገን አሳየን። ሞተሩ ቍልፉን እንደ ነኩት ተነሣ። ነጋዴውም፥ «አባባ፥ የተሳቢ መጎተቻው እንኳ በነጻ ነው» አለ። እኔ የወንበሩን ጽዳት ሳደንቅ፥ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋቢያቸውን ለጓደኛቸው ሰጥተው በጀርባቸው ተኙና ከአውቶሞቢሉ ሥር ገቡ። ጥቂት ቈይተው ሲወጡ ጣታቸው ጥቍር ቀለም ነክቶት ነበር፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም። ከቀለሙም በታች መጎተቻው ከሻንሲው ጋራ በተበየደበት ስፍራ የጣት ርዝመት ያለው ስንጥቅ ነበረ። ሽማግሌውም፥ «ልጄ፥ ይህች በቅሎ ተገጥባለች፤ ገጣባዋን በጥላሸት ሸፍነውታል» አሉኝ። የብዙ ቤተ ሰብ ጥሪት ሳይፈታ ተመለሰ። እኔ ተምሬ ያላየሁትን እርሳቸው በእጃቸው ዳስሰው ማግኘታቸውን ሳስብ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ስለዚህ ምርመራው በምን ዐይነት እንደሚደረግ በተራ እንጽፋለን።

1ኛ/ መጎተቻው። መጎተቻ በትልልቅ ቡሎን ከሻንሲው ወይም ከወለሉ ጠንካራ ብረት ጋራ መታሰር አለበት፤ በስሱ ቆርቆሮ ላይ ብቻ የተያዘ እንደ ሆነ አይታመንም። ሠሪው የለጠፈበትን የክብደት ልክ የሚናገር ሰሌዳ ፈልጉ። በሰፈር ብየዳ የተሠራ፥ አዲስ ቀለም ወይም ሬንጅ የተቀባ፥ ዙሪያውም የዛገ ወይም የተሰነጠቀ ቢሆን ተዉት። የተሳቢው አንገት የሚያርፍበት ክብ ራስ በአብዛኛው 50 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ተበልቶ ወደ 49 ሚሊ ሜትር የወረደ እንደ ሆነ ብዙ ስለ ጎተተ ነውና መለወጥ አለበት። የተሳቢው መብራት የሚሰካበትን ሶኬትና ሽቦውንም አብራችሁ እዩ።

2ኛ/ የኋላው ሞላና ባልስትራ። አውቶሞቢሉን ባዶውን በደልዳላ ስፍራ አቁማችሁ ከጐኑ ተመልከቱ። ኋላው ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ሞላው ወይም ባልስትራው ደክሟል፤ አሞርዛተሩ ዘይት የሚያንጠባጥብ ቢሆንም አልቋል። ፋብሪካዎች ለዚህ ክፍል ከፍ ያለ ጥንቃቄ ያደርጋሉ። ለምሳሌ በ1963 ዓ.ም. የወጣው የፔጆ 504 ስቴሽን ዋገን ጭነት እንዲችል ተብሎ ከኋላው አራት ሞላ ተደርጎለት ነበር።

3ኛ/ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ። ተሳቢ አስቀድሞ የሚጎዳው ፍሪሲዮንን ነው። አውቶሞቢሉን በሜዳ ላይ ነድታችሁ አትመለሱ፤ አዲስ አበባ ከሆናችሁ ወደ እንጦጦ ውጡ፥ ሰውም ጫኑበት። በሦስተኛ ማርሽ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጠው ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ የማይጨምር ከሆነ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ካምቢዮው አውቶማቲክ እንደ ሆነ ዘይቱን አሽትቱ፤ የጠቈረና የማረረ ሽታ ያለው ዘይት የሥቃይ ምልክት ነው። ከኋላ ከዲፈረንሻል በኩል የሚሰማ ጕርምርምታም አይናቅ።

4ኛ/ ሞተሩና ውሃው። ቱርቦ የሌለው ሞተር አየሩ እየሳሳ ሲሄድ በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከኀይሉ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ያጣል። በባሕር ወለል 100 የፈረስ ጕልበት የነበረው ሞተር በ2,500 ሜትር ከፍታ 75 ያህል ብቻ ይቀርለታል። ውሃም በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ሲፈላ በዚህ ከፍታ በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል፤ ግፊት የሚይዝ ደኅና የራዲያተር ክዳን የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። እንግዲህ ፋብሪካው በመጽሐፉ የጻፈው የመጎተት ልክ ለደጋ ዳሞት ዳገት እንደ ተጻፈ አድርጎ መቍጠር ስሕተት ነው። ዳገቱን ከወጣችሁ በኋላ የሙቀት መለኪያውን እዩ። የሞተሩ ዘይት እንደ ወተት የነጣ ከሆነም ውሃ ገብቶበታልና ግዢውን ተዉት።

5ኛ/ ፍሬን። ሰው ሁሉ ይጎትታልን ብሎ ይጠይቃል፤ ይቆማልን ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚመጣ አውቶሞቢል በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለውን የዓባይን በረሃ መውረድና መውጣት አለበት፤ ይህም ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ቍልቍለትና ያንኑ ያህል ዳገት ነው። በዚህ ቍልቍለት ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሰው ሸራውን ያግለዋል፤ የጋለ ሸራም አይይዝም። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ያረጀ ዘይት ቶሎ ፈልቶ ፔዳሉን ባዶ ያደርገዋል። ስለዚህ የፍሬኑን ዘይት ገና እንደ ተገዛ ለውጡ፥ ከዚያም በኋላ በየሁለት ዓመቱ አድሱ፤ በወጣችሁበት ማርሽም ውረዱ።

ምርመራው ካለቀ በኋላ ሒሳብ ይቀራል። በአውሮፓ አገሮች የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ ግራምም፥ ከጎታቹ አውቶሞቢል ክብደት እኩሌታም እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ለእኛም ዳገት መልካም ልክ ነው። አውቶሞቢሉ 1,300 ኪሎ ግራም ቢመዝን እኩሌታው 650 ነው። ባዶው ተሳቢ 200 ኪሎ ግራም የሆነ እንደ ሆነ ለጭነት የሚተርፈው 450 ነው፤ ይህም አራት ኩንታል ተኩል ነው። ጥንቁቅ ሰው አራት ብቻ ይጭናል። ጭነቱም እንደ አህያ ጭነት ሚዛኑን ይጠብቅ። ከተሳቢው ክብደት ከመቶ ከአምስት እስከ ሰባት እጅ ያህል በመጎተቻው ራስ ላይ ማረፍ ይገባዋል። ጭነቱ ወደ ኋላ ያዘነበለ እንደ ሆነ ተሳቢው እንደ እባብ እየተጠማዘዘ አውቶሞቢሉን ከመንገድ ያወጣዋል፤ ከልክ በላይ ወደ ፊት የከበደ እንደ ሆነ ደግሞ የፊት ጎማዎች ቀልለው መሪው አይታዘዝም። የአውሮፓ ሥሪት በሆኑ አውቶሞቢሎች ላይ የክብደት ሰሌዳ አለ፤ የመጀመሪያው ቍጥር የአውቶሞቢሉ ሙሉ ክብደት፥ ሁለተኛው የአውቶሞቢሉና የተሳቢው በአንድነት ነው። ይህ ሁለተኛው ቍጥር ከሌለ አውቶሞቢሉ እንዲጎትት አልተፈቀደለትምና፥ መጎተቻ ቢገጠምለትም ለመጎተት አይገዛ።

ወረቀቱም ችላ አይባል። በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተርና የሻንሲ ቍጥር በብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋራ አንድ መሆኑን በዐይናችሁ አረጋግጡ። ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ከመዘገበው መሥሪያ ቤት ጠይቁ፥ ቦሎውንም እዩ። ሽያጩ በውልና ማስረጃ ፊት ሳይፈጸም ገንዘብ አይከፈል። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የታዘዘ ስለ ሆነ ሳይገባ መንገድ አይወጣም፤ ተሳቢ መጎተቱንም ለመድን ሰጪው አስቀድሞ መንገር ይጠቅማል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ነገር እንጨምራለን። የመጎተቻ ብረት ዋጋ ከሞተርና ከካምቢዮ ዋጋ ጋራ ሲተያይ ጥቂት ነው። ስለዚህ መጎተቻ ያለውን የደከመ ከመግዛት መጎተቻ የሌለውን ጤነኛ ገዝቶ በኋላ ማስገጠም ይሻላል። እነዚያ ሽማግሌዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ቀለሙ የደበዘዘ፥ ሥሩ ግን ንጹሕ የሆነ አውቶሞቢል አግኝተው ገዙ፤ መጎተቻውንም ለዚያ ዐይነት መኪና የተሠራውን አምጥተው በቡሎን አሳሰሩ። በመጀመሪያው ጕዞ አራት ኩንታል የዘር ድንች ጭኖ ደረሰ። አምስተኛውን ኩንታል ጫኑ ያሏቸው ሰዎች ነበሩ፤ ከሥር ገብተው የነበሩት ሽማግሌ ግን እንቢ አሉ።

እናንተም ምክር ስትጠየቁ መጀመሪያ ጭነቱ ስንት እንደ ሆነና መንገዱ የት እንደ ሆነ ጠይቁ፤ ቀጥላችሁ ከሥር ገብቶ የሚያይ ሰው አብራችሁ ላኩ። የማኅበር ገንዘብ አንድ ጊዜ ከወጣ በብዙ ክረምት የማይተካ ነውና።