ወደ ውኃው የሚያደርሰው መንገድ

ገና አልፎ ጥምቀት ሲቃረብ ጎንደር ሥራ ይበዛባታል። ጠላ ይጠነሰሳል። ነጭ ልብስ ይታጠባል። ሴቶች ሹሩባ ይሠራሉ። ወጣቶች ታቦት የሚያልፍበትን መንገድ ይጠርጋሉ። የቀሃ ወንዝ ውኃ በቦይ ተመርቶ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ይገባል። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ሆኖ የሚከርመው ሰፊ የድንጋይ ገንዳ ለጥር 10 ይሞላል።

ይህን የጎንደር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዛሬ የምንነግራችሁ ወደ ውኃው ስለሚያደርሰው መንገድ ነው። መንገዱን ለእኛ ያሳዩን፣ ሰው ሁሉ ጥምቀት ሲወርድ ቤት ሲጠብቁ የኖሩ ሰዎች ናቸው።

እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከተማው ውስጥ በአንድ አዳራሽ፣ ለአዋቂዎች ፊደል እናስተምራለን። ተማሪዎቻችን አሥራ አራት ናቸው። ሁሉም አካል ጉዳተኞች ናቸው። ጠዋት ይመጣሉ። ይማራሉ፤ የእጅ ሥራ ይሠራሉ፤ ቡና ይጠጣሉ፤ ይጫወታሉ። ማታ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። እንዲህ ያለው ቦታ የቀን ማዕከል ይባላል። የሚውሉበት እንጂ የሚያድሩበት አይደለም።

ከተማሪዎቻችን አንዱ ከወገራ የመጡ ገበሬ ናቸው። ዐይናቸውን ያሳጣቸው ትራኮማ ነው። ትራኮማ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ የዐይን በሽታ ነው። ሲቆይ የዐይን ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ሽፋሽፍቱም ብሌኑን ይፈትገዋል። በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይታከማል። የታጠፈው ቆብም በቀዶ ጥገና ይቃናል። ፊትን አዘውትሮ መታጠብ ደግሞ ይከላከለዋል። ለእሳቸው ግን ሐኪም የተገኘው ዘግይቶ ነው።

ሌላው መስማት የተሳነው ወጣት ነው። ሌላው በጦርነቱ አንድ እግሩን አጥቶ በክራንች ይሄዳል። አንዲት እስላም እናት አሉ፤ እጃቸው ታሟል፤ ስለ ስፌት ሲነሣ ግን ማንም አይቀድማቸውም።

እትዬ ደግሞ የዳባት ሰው ናቸው። ስማቸውን አንጽፍም፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። በልጅነታቸው ፖሊዮ ሁለቱን እግራቸውን አሰነፈው። አባታቸው በሕይወት ሳሉ በየጥምቀቱ በበቅሎ ያወርዷቸው ነበር። አባት ሞቱ። እትዬም ጎንደር ወንድማቸው ዘንድ መጡ። ከዚያ ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ጥምቀት አልፏል። አንዱንም አላዩም። ቤተ ሰቡ ሲወርድ እሳቸው ቤት ይጠብቃሉ።

ኅዳር 24 የዓለም የአካል ጉዳተኞች ቀን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቀኑን የደነገገው በ1985 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዕለት ስለ በዓሉ ለመመካከር ተሰበሰብን። እውነቱን ለመናገር፣ ምክክር አልነበረም። እኛ ዕቅዱን ጨርሰን ነበር የገባነው። ለገና ምሳ እናበላለን፤ ሳሙናና ልብስ እናድላለን፤ እንግዳ እንጠራለን። ይህንኑ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈን አነበብን። ጭብጨባ ጠበቅን።

ማንም አላጨበጨበም። እትዬ ነጠላቸውን አስተካከሉና፦

«እግዜር ይስጣችሁ ልጆቼ። በበዓል ቀን ምጽዋት አጥተን እኮ አናውቅም። ያጣነው በዓሉን ነው» አሉ።

የወገራው አባት ሳቁ። «እውነቷን ነው። ሰዉ ከጥምቀት ሲመለስ ዳቦ ያመጣልኛል። እኔ ከበሮውን ልስማ ብዬ ነበር» አሉ።

አፈርን። ሰሌዳውን ጠረግነው። ከዚያ በኋላ ጠመኔውን የያዝነው እኛ ብንሆንም የሚያጽፉን እነሱ ሆኑ። እያንዳንዱ ለበዓሉ የሚፈልገውን ተናገረ። ወጣቱ በምልክት ቋንቋ «ከበሮውን መንካት» አለ። የክራንቹ ልጅ ገና ለመጫወት ፈለገ። የስፌቷ እናት «በዓሉ የናንተ ነው፤ እኔ ግን ሰው ማየት እወዳለሁ፤ አብሬ እወጣለሁ» አሉ። እትዬ «ውኃውን በእጄ ልንካ» አሉ።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል። ባጃጅ በነጻ አይሄድም። ስለዚህ ኅዳርና ታኅሣሥ የሥራ ወራት ሆኑ። ስንደዶና አክርማ ተገዝቶ ሙዳይና ትንንሽ መሶብ ተሰፋ። እትዬ ጥጥ ፈተሉ። እንዝርት እግር አይጠይቅም፤ ጣት ነው የሚፈልገው። የወገራው አባት ጧፍ ሠሩ። የጥጥ ክር ይገመዳል፤ በቀለጠ ሰም ይነከራል፤ በመዳፍ እየተዳመጠ ይለሰልሳል። ዐይን የሚያስፈልገው ሰሙ እሳት ላይ ሳለ ብቻ ነው። ያን እኛ ጠበቅን። ጧፉ እኩል መወፈሩን ግን እሳቸው በጣታቸው ይለዩታል፤ እኛ አይተን ያሳለፍነውን ሁለት ጊዜ መልሰውብናል።

ፊደሉም ከሥራው ጋር ሄደ። የተሸጠው ተጻፈ፤ ተደመረ። አባታችን የሚማሩት በብሬል ነው። ብሬል ዐይነ ሥውራን በጣት የሚያነቡት ጽሕፈት ነው። ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1809 የተወለደው ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል ነው፤ እሱም በልጅነቱ ዐይኑን ያጣ ሰው ነበር። ጽሕፈቱ የቆመው በስድስት ነጥቦች ነው። ነጥቦቹን በማቀያየር 63 ልዩ ልዩ ምልክት ይገኛል። በኛ ፊደል «ገ» አንድ ሆሄ ነው። በአማርኛ ብሬል ግን ድምፁ ይከፈላል፤ መጀመሪያ «ግ»፣ ቀጥሎ አናባቢው ለብቻው ይጻፋል። ስለዚህ «ገና» በወረቀት ሁለት ሆሄ ሲሆን በብሬል አራት ምልክት ይሆናል። ወረቀቱ የሚወጋው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ሲገለበጥ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። አባታችን ይህን ሲሰሙ «እርሻ በሉት፤ በሬው ሄዶ ይመለሳል» አሉ።

ጠብም ነበር። ገንዘቡ ሲቆጠር ገሚሱ «እንካፈለው» አለ። ገሚሱ «ለመንገዱ ይቀመጥ» አለ። የክራንቹ ልጅ ተቆጥቶ አንድ ቀን ቀረ። ሦስተኛው ቀን ላይ በእኩሌታ ተስማሙ። ግማሹን ተካፈሉ፤ ግማሹ ለባጃጅ ተቀመጠ። በዚህ ጉዳይ እኛ አልገባንም። ብንገባ የሚበላሽ ይመስለናል።

ገናን ቶሎ እንለፈው። ታኅሣሥ 29 ዝግ ስለነበርን በማግስቱ ተሰበሰብን። ድፎ ዳቦ ተቆረሰ። ግቢው ውስጥ ገና ተጫወትን። የክራንቹ ልጅ ሩሯን በክራንቹ መታት፤ ለብቻው እኛን አራታችንን አሸነፈን። በክራንች መምታት ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለው ክርክር እስካሁን አላለቀም።

ዋናው ሥራ ጥምቀት ነበር። ይህ በዓል በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በዚያው ዓመት በጥምቀት ዕለት፣ እዚሁ ጎንደር፣ ሰው የተቀመጠበት የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ አሥር ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎች ቆስለዋል። እኛም ይህን አልረሳነውም። ሩጦ ማምለጥ የማይችል ሰው ይዘን ወደ ግፊያ መግባት አልፈለግንም። የእትዬ ወንድምም የፈሩት ይህንኑ ነው። «እኔ ጠልቻት መሰላችሁ የማስቀራት? ብትረገጥብኝስ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። «መንገዱን አይተን እንመጣለን» አልን።

ስለዚህ ከበዓሉ ሳምንት ቀደም ብለን ባዶውን ተሽከርካሪ ወንበር፣ ማለት ዊልቸሩን፣ እየገፋን ወረድን። ከፒያሳ እስከ መዋኛው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በእግር ቀላል መንገድ ነው። በጎማ ሌላ ነገር ሆኖ አገኘነው። ንጣፍ ድንጋዩ ጎማውን ያንገጫግጨዋል። የውኃ መውረጃው ቦይ የፊቱን ትንሽ ጎማ ይውጠዋል። ስንት ዓመት ያለፍንበትን ቦይ ያን ቀን አየነው። ሁሉንም በወረቀት ጻፍን። ሰሌዳው ላይ ካርታ ሠራን። የት እንደምንቆም፣ በየት እንደምንወጣ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ ተስማማን። የእትዬ ወንድም መጥተው ካርታውን ብዙ ጠየቁበት። በመጨረሻ «እኔም ከናንተ ጋር እሆናለሁ» አሉ።

ከእኛ መካከል አንዷ የፊዚዮቴራፒ ተማሪ ናት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በአካል ጉዳተኞች ተሐድሶና ትምህርት ላይ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በ2009 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። እሷ የተማረችውን አሳየችን። ለዐይነ ሥውር ሰው መንገድ ስትመሩ እጁን አትጎትቱ። ክንዳችሁን ስጡትና እሱ ይያዛችሁ። ግማሽ እርምጃ ቀደም በሉ። ደረጃ ሲመጣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መሆኑን ንገሩት። ቀላል ነው፤ እስከዚያ ድረስ ግን ሁላችንም ስንጎትት ነበር።

ከተራ ደረሰ። ጥር 10 ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ፣ መንገዱ ሳይዘጋ፣ በባጃጅ ወርደን ከመንገዱ ዳር ቦታ ያዝን። እትዬ በቀይ ጥለት ያጌጠ ሐበሻ ቀሚስ ለብሰዋል። ቀሚሱ ሳጥን ውስጥ የኖረ ነው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ? እትዬ ግን አልበጣጠሱትም። አጥፈው አስቀምጠውት ኖረዋል። እጥፋቱ ይታያል።

ታቦታቱ ሲመጡ እልልታው ቀለጠ። የወገራው አባት ክንዳችንን ይዘው ቆሙ። የየትኛው ደብር ታቦት እንደሆነ ከሰው ጩኸት እየሰሙ፣ ለሌላው መልሰው ይነግራሉ። ወጣቱን አንድ ከበሮ መቺ አየው። በምልክት ጠየቀ። መቺው ገባው፤ ሳያቆም ቀረበለት። ልጁ መዳፉን ከበሮው ጎን ላይ አሳረፈ። ከዚያ ደረቱን ነካ። ጥቂት እርምጃ አብሮ ሄደና ተመለሰ።

ስንመለስ አንድ ቦይ አጠገብ አራት ጎረምሶች ሮጠው መጡ። ሳይጠይቁ ወንበሩን ከነእትዬ አነሡት። ወንበሩ አዘነበለ። እትዬ ጮኹ። «አውርዱኝ!» አሉ። ልጆቹ ደነገጡ። ለመርዳት ነበር እኮ። እትዬም ትንፋሻቸውን ሰብስበው፦ «ልጆቼ፣ እንዴት እንደምነሣ የማውቀው እኔ ነኝ። ጠይቁኝ፤ እነግራችኋለሁ። አንድህ ከኋላ እጀታውን ያዝ። ሁለታችሁ ከፊት። አንተ ክራንቹን ልጅ አሻግር» አሉ። አሻገሩ። ልጆቹ እስከ ማታ ከእኛ አልተለዩም።

በጥር 11 ጠዋት አልወጣንም። ጸበሉ ሲባረክና ሲረጭ፣ ወጣቱም ወደ ገንዳው ሲዘል ግፊያው ብርቱ ነው። ይህን የወሰኑት እትዬ ናቸው። «ታቦታቱ ይመለሱ። ሰው ይከተላቸዋል። ውኃው ግን ከኋላቸው አይሄድም» አሉ። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ስንደርስ ግቢው ቀለል ብሏል። የሚዋኙ ልጆች ነበሩ። የዛፎቹ ሥር የድንጋዩን ግንብ አቅፎታል። ወደ ውኃው ጠርዝ ግን ወንበሩ አልደርስ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንበል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ሰዎች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር። መዋኛው የዛሬ ሕንፃ አይደለም። በአፄ ፋሲል ስም የሚጠራ፣ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ ከግንቦቹ ጋር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ድንጋዩ ይፈለጥ አንልም። ለበዓል ተዘርግቶ ከበዓል በኋላ የሚነሣ ሳንቃ ግን ድንጋይ አይጎዳም። ለጥምቀት ስንት እንጨት ይቆም የለም እንዴ?

ያን ቀን ሳንቃ አልነበረም። አንዱ ልጅ በጆግ ውኃ ላምጣ አለ። እትዬ «ተው» አሉት። ጋቢ ድንጋዩ ላይ ተነጠፈ። ከወንበሩ ወረዱ። በእጃቸው እየተደገፉ በራሳቸው ወደ ጠርዙ ሄዱ። ወንድማቸውና የእኛዋ ልጅ ወገባቸውን ያዙ። ጎንበስ ብለው እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ነከሩት። ፊታቸውን አበሱ። ብዙ ቆዩ። የወንድማቸው እጅ ሲንቀጠቀጥ አየን። እትዬ ግን «አይ ብርዱ! የዳባት ምንጭ ይሻላል» ብለው አሳቁን።

ሳምንቱ አልፎ ትምህርት ሲጀመር ስለ መጪው ጥምቀት ተጻፈ። አጭር ሳንቃ፣ ሦስት በርጩማ፣ ሁለተኛ ባጃጅ፣ ለቀሩት አራት ተማሪዎች አጃቢ። አዎ፣ አራት ሰዎች ቀርተውብን ነበር። አንዷ ታመው፣ ሦስቱ ቤተ ሰባቸው ሳይፈቅድ። ከቤተ ሰቦቹ ጋር ለመነጋገር የእትዬ ወንድም አብረውን ሊሄዱ ቃል ገብተዋል።

እትዬ ደግሞ ሌላ ሥራ ያዙ። ወረቀት ጠየቁና ለሁለት ቀን ጥግ ይዘው ተቀመጡ። የሆሄ ስሕተት እንድናርም ብቻ አሳዩን። ዳባት ላሉት ዘመዶቻቸው በገዛ እጃቸው የጻፉት የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ለጤናችሁ እንዴት ናችሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ዘንድሮ ጥምቀት ወርጃለሁ። ለሚመጣው ዓመት ከናንተ ጋር መዋል እፈልጋለሁ። በቅሎ አዘጋጁልኝ። ኮርቻው ሰፊ ይሁን። ስታነሡኝ እኔ እንደምነግራችሁ አንሡኝ።»

ደብዳቤውን የሚያነብላቸው አምስተኛ ክፍል የሚማር የወንድማቸው ልጅ ነው። ወደ ደባርቅ በሚሄድ መኪና ተልኳል። መልሱ ገና አልመጣም።