አፕ፣ ድረ ገጽ ወይስ *889#? ተረትና እውነታ ለጨፋ ሸለቆ ገበያተኛ

በባቲ የሰኞ ገበያ ወይም በሰንበቴ የእሁድ ገበያ የበሬ ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ «በጥሬው ነው ወይስ ላስገባልህ?» የሚል ጥያቄ መከተሉ አሁን አያስገርምም። ብር በስልክ መላክ በተለመደ ቁጥር ግን ስለ እሱ የሚነገረው ወሬም በዝቷል። ከሚሴም ሆነ ጨፋ ሮቢት ላይ ሊሰሙ ከሚችሉት ውስጥ ስድስቱን እንያቸው።

ተረት፦ «ኢንተርኔት ከሌለ ሞባይል ባንኪንግ የለም።»
እውነታ፦ አፕ ዳታ ይፈልጋል፤ አጭር ቁጥር ግን አይፈልግም። የኢትዮጵያ ንግድ ባንኩ *889# እና የቴሌብሩ *127# በተራ ባለ ቁልፍ ስልክም ይሠራሉ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ሲቋረጥ የአጭር ቁጥር ጥቅም በግልጽ ታይቷል። ሆኖም የስልክ ኔትወርኩ ራሱ ከጠፋ አጭር ቁጥሩም አይመልስም። ስለዚህ ለአስቸኳይ ወጪ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ቤት ማስቀመጥ ኋላ ቀርነት አይደለም።

ተረት፦ «ዋናው አገልግሎት ያለው ድረ ገጹ ላይ ነው፤ አፑ ቅንጥብጣቢ ነው።»
እውነታ፦ ማንም የሚከፍተው የባንክ ድረ ገጽ የምንዛሪ ተመን፣ የቅርንጫፍ አድራሻና ማስታወቂያ የሚነበብበት ነው። በድረ ገጽ ገንዘብ ማንቀሳቀስ የሚቻለው ለብቻው በሚመዘገቡበት የኢንተርኔት ባንኪንግ ነው። ይህም አንዱ ሠራተኛ ክፍያ አዘጋጅቶ ሌላው ለሚያጸድቅበት ድርጅት ወይም ማኅበር ይመቻል። ለአንድ ነጋዴ የዕለት ሥራ ግን አፑ ይበቃል። ሁለቱም አስመሳይ አላቸው፦ የባንክን ገጽ አስመስሎ መሥራት ለሌባ ከባድ አይደለም፤ በቴሌግራም የተላከ «አፕ» ደግሞ የሌባው ሊሆን ይችላል። ሊንክ ተከትለው አይግቡ። አፑን ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር ያውርዱ፤ ከተጠራጠሩ ቅርንጫፉ ውስጥ ያስጭኑ።

ተረት፦ «ስልኩ ከጠፋ ብሩም ጠፋ።»
እውነታ፦ ብሩ ያለው ባንኩ መዝገብ ላይ ነው፤ ስልኩን ያገኘ ሰው ያለ ሚስጥር ቁጥሩ አያወጣውም። አደጋው ቁጥሩ የልደት ዓመትዎ ከሆነ፣ ወይም በወረቀት ጽፈው ከስልኩ ሽፋን ሥር ካስቀመጡት ነው። ስልክ እንደጠፋ በሌላ ሰው ስልክ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውለው ሲም ካርዱን፣ ንግድ ባንክ 951 ደውለው አገልግሎቱን ያዘጉ። ደግሞም ደውሎ ሚስጥር ቁጥርዎን የሚጠይቅ ሰው «ከባንክ ነኝ» ቢልም አጭበርባሪ ነው።

ተረት፦ «ደረሰኙን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ብሩ ገብቷል።»
እውነታ፦ ገበያ ላይ ከሁሉ በላይ የሚያስከፍለው እምነት ይኸኛው ነው። ገዢው ስልክ ላይ ያለ ስክሪንሾት ስምም፣ ቀንም፣ የብር መጠንም ተለውጦበት ሊሆን ይችላል። «ብር ገብቶልዎታል» የሚል መልእክትም ከባንኩ ሳይሆን ከግለሰብ ቁጥር ሊላክ ይችላል። ማረጋገጫው አንድ ነው፦ የራስዎን ሒሳብ በራስዎ ስልክ ከፍቶ ቀሪውን ማየት። ዳታ ባይኖር *889# አለ። ገዢው «መኪናው ሊሄድብኝ ነው» እያለ ቢያጣድፍዎት እንኳ፣ ብሩን ሒሳብዎ ላይ ሳያዩ የበሬውን ገመድ አይልቀቁ። እውነተኛ ገዢን ደቂቃ መጠበቅ አያስቀይመውም።

ተረት፦ «ሲስተሙ ተሳስቶ የሰጠኝ ሲሳዬ ነው።»
እውነታ፦ መጋቢት 2016 በአንድ ሌሊት በንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በደረሰ ብልሽት ደንበኞች ካላቸው ገንዘብ በላይ አወጡ፣ አስተላለፉ፤ መጠኑም ወደ 800 ሚሊዮን ብር ይደርስ ነበር። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገልጾ ገንዘቡን ማስመለስ ጀመረ፤ አብዛኛውም ተመልሷል። እያንዳንዱ ዝውውር በባለ ሒሳቡ ስም ስለሚመዘገብ ተደብቆ መቅረት ከባድ ነው። በስህተት የገባልዎትን ብርም አይንኩት፤ ለባንኩ ያሳውቁ።

ተረት፦ «በስልክ የሚንቀሳቀስ ብር ሁሉ ወለድ አለበት።»
እውነታ፦ ወለዱን የሚያመጣው የሒሳቡ ዓይነት ነው፤ ስልኩ ማስተላለፊያ ብቻ ነው። ዘምዘምና ሂጅራ ከወለድ ነጻ ባንኮች ናቸው፤ ንግድ ባንክም ከወለድ ነጻ አገልግሎት አለው። ሒሳቡን ሲከፍቱ ዓይነቱን ይጠይቁ። በስልክ የሚቀርብ ብድር ግን የራሱ ውል ስላለው ሳያነቡ «እሺ» አይበሉ፤ ሃይማኖታዊ ብያኔውን ደግሞ ለዑለማ ይተዉ።

እንግዲህ አፕም፣ ድረ ገጽም፣ አጭር ቁጥርም ወደ አንድ ሒሳብ የሚያደርሱ መንገዶች ናቸው፤ ለዕለት ሥራ አፑን፣ ዳታ ሲጠፋ አጭር ቁጥሩን፣ ለድርጅት ሒሳብ ድረ ገጹን ይያዙ። ንባብ ካስቸገረዎት የሚያምኑት የቤተሰብ ሰው አጠገብዎ ሆኖ ያሳይዎት፤ ሚስጥር ቁጥሩን ግን ለልጅዎም ቢሆን አይስጡ።