ጥላ ካላረፈበት የማይታይ ምስል

እ.ኤ.አ. በ2001 በኔዘርላንድስ ሮተርዳም ከተማ፣ አንድ ሰፊ አደባባይ ዳር ባለ ሲኒማ ቤት ግድግዳ ላይ ትልልቅ የሰው ፎቶዎች በፕሮጀክተር ይለቀቁ ነበር። ግን አይታዩም። መሬት ላይ የተተከሉ ኃይለኛ መብራቶች ግድግዳውን በነጭ ብርሃን አጥለቅልቀውታል። አላፊ አግዳሚው በመብራቱና በግድግዳው መካከል ሲያልፍ ግን ጥላው ነጩን ብርሃን ይከልላል፤ በጥላው ውስጥም ተደብቆ የቆየው የማያውቀው ሰው ፎቶ ብቅ ይላል።

ሥራው «ቦዲ ሙቪስ» ይባላል። የሠራው ሜክሲኮ ሲቲ የተወለደውና ካናዳ የሚኖረው ራፋኤል ሎዛኖ ሄመር ነው፤ የተማረው ሥዕል ሳይሆን ፊዚካል ኬሚስትሪ ነው። ፎቶዎቹ በሮተርዳም፣ በማድሪድ፣ በሜክሲኮ ሲቲና በሞንትሪያል ጎዳናዎች የተነሱ ናቸው። አሳታፊ የአደባባይ ትርዒት እንዴት እንደሚነደፍ መረዳት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም።

በዚህ ዓይነት ሥራ ትልቁ ጣጣ መሣሪያው አይደለም። ከሥራ ወደ ቤቱ የሚቻኮል ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ሳይነገረው እንዲገባው ማድረግ ነው። «እዚህ ይቁሙ፣ እጅዎን ያንሱ» የሚል ሰሌዳ ከተሰቀለ ነገሩ ግማሽ በግማሽ ከሽፏል። በጥላ መጫወትን ግን ማንም አያስተምርም፤ መብራት በጠፋበት ምሽት በሻማ ብርሃን ግድግዳ ላይ በጣቱ ወፍ ያላበረረ ልጅ የት አለ?

የጥላው መጠንም የሚወሰነው በሰውየው እርምጃ ነው። መብራቱ ከግድግዳው 50 ሜትር ርቋል እንበል። ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው ከመብራቱ 5 ሜትር ላይ ቢቆም ጥላው 17 ሜትር ይሆናል። መሃል ላይ ሲደርስ ወደ 3.40 ይወርዳል፤ ግድግዳው ሥር ሲቆም ከራሱ ቁመት እምብዛም አይበልጥም። ስለዚህ ትንሽ ልጅ ግዙፍ፣ ግዙፉ ጎልማሳ ደግሞ ድንክ መሆን ይችላሉ። ከፎቶው ጋር ልክ ለመግጠም የፈለገ ወደፊትም ወደኋላም መሄድ አለበት፤ እንቅስቃሴው ራሱ ጨዋታ ይሆናል።

ኮምፒውተርና ካሜራም አሉ። ካሜራው ጥላዎቹን ይከታተላል፤ በግድግዳው ላይ ያሉት ፎቶዎች በሙሉ በጥላ ሲገለጡ ኮምፒውተሩ ሌሎች ፎቶዎችን ይተካል። የነደፋው ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ሰው እጁን አንቀሳቅሶ ምስሉ ለቅጽበት ያህል እንኳ ዘግይቶ ከተከተለው «ይሄ እኔ አይደለሁም» ይላል። በብዙ አሳታፊ ሥራዎች መሐንዲሶች የሚጨነቁት ይህን መዘግየት ለማሳጠር ነው። ጥላ ግን አይዘገይም። ሎዛኖ ሄመር ፈጣኑን ሥራ ለብርሃን ሰጥቶ፣ ትንሽ ቢዘገይ ማንም የማይታዘበውን ፎቶ የመቀየር ሥራ ለኮምፒውተሩ ተወለት። ኮምፒውተሩ ለጊዜው ቢቆም እንኳ ሕዝቡ መጫወቱን አያቆምም።

የብርሃኑ ሒሳብ ከባድ አይደለም፤ የዘነጋው ግን ይዋረዳል። ለስብሰባ አዳራሽ የሚበቃ 3,000 ሉመን ፕሮጀክተር 400 ካሬ ሜትር ግድግዳ ላይ ቢዘረጋ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሚደርሰው 7.5 ሉመን ብቻ ነው፤ በአቅራቢያው ያለ ደህና የመንገድ መብራት ሊውጠው ይችላል። 20,000 ሉመን ያለው ትልቅ ፕሮጀክተር ወደ 50 ያደርሰዋል። እንደ ቦዲ ሙቪስ ባለ ሥራ ደግሞ ሦስት እርከን ያስፈልጋል፦ ምስሉ ከመንገዱ ብርሃን በጉልህ መብለጥ አለበት፤ ምስሉን የሚሸፍነው ነጭ ብርሃን ደግሞ ከምስሉ እጅግ መብለጥ አለበት። ስለዚህ ፕሮጀክተር ከመከራየት በፊት በማታ ቦታው ላይ ተገኝቶ መለካት፣ የትኞቹን የመንገድ መብራቶች ማስጠፋት እንደሚቻልም ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር መነጋገር ይቀድማል። ግድግዳው የሚያብረቀርቅ መስታወት ከሆነ ሌላ ግድግዳ መፈለግ ነው።

ሁሉም ተሰልቶ ሰው ግን እንደታሰበው ላይሆን ይችላል። ሎዛኖ ሄመር ሥራውን ወደ ሊዝበን ሲወስድ ሞቅ ያለ ጭፈራ፣ ወደ ሊቨርፑል ሲወስድ ደግሞ ቁጥብነት ጠብቆ ነበር። እሱ እንደሚያወሳው የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ሊዝበኖች የሌላውን ጥላ ላለመንካት ሲጠነቀቁ፣ ሊቨርፑሎች ለይቶላቸው አበዱ። ይህን ያስቻለው ነደፋው ልቅ መሆኑ ይመስለኛል። ፎቶውን መግለጥ ግዴታ አልነበረም፤ ያልፈለገ በጥላው ብቻ ሲቀልድ ያመሻል።

ከዚያ በኋላ የሎዛኖ ሄመር «አንደር ስካን» መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ ከተሞች ተጀምሮ በ2008 ለንደን ትራፋልጋር አደባባይ ደረሰ። ፎቶው በቪዲዮ ተተካ፣ ግድግዳውም በመሬት። በተመላላሹ ጥላ ውስጥ የተቀረጸ ሰው ይነቃና ቀና ብሎ ያየዋል፤ ተመልካቹ ሲርቅ እሱም ፊቱን አዙሮ ይጠፋል። ቪዲዮው በጥላው ውስጥ እንዲያርፍ ኮምፒውተሩ በካሜራ እየተከታተለ ሰዎች ወዴት እንደሚሄዱ አስቀድሞ መገመት አለበት፤ ይህ ከክትትል ሥራ አይለይም። ሎዛኖ ሄመር ይህን አልደበቀም። በየሰባት ደቂቃው ትርዒቱ ይቋረጥና ኮምፒውተሩ ሰውን የሚከታተልበት የመስመር መረብ በመላው አደባባይ ላይ ይበራል። እግሩ ሥር መስመሮቹን ያየ ሰው ሲለካ እንደነበር ይገባዋል፤ መቆየትም መሄድም የራሱ ምርጫ ነው።